ገብስ የጫነች የቤት መኪና

«አውርደው አልኩህ! ጆንያው ካልወረደ እኔም አልገባ፣ ልጄም አትገባ!»

«ቀስ በይ እንጂ ትርንጎ። ጎረቤት ይሰማናል።»

«ይስማ! ትናንት አስፋልት ላይ ያየን ሕዝብ ይበቃል፣ ዛሬ ደግሞ ጎረቤት ይጨመርበት።»

«ባዶዋን ብትሄድ ንፋስ ይወስዳታል። ባዶ በቅሎ ትደነብራለች እያልኩ ስንት ጊዜ...»

«በቅሎ በቅሎ አትበለኝ አዳነ! መኪና ናት!»

እናቴ የማስተማሪያ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በራፉ ላይ ቆማለች፤ አባቴ ደግሞ የመኪናዋን የኋላ ኮፈን ከፍቶ፣ ማንም እንዳይነካበት ይመስል በሁለቱ ጆንያ ገብስ ፊት ተገትሯል። እኔ የደንብ ልብሴን ለብሼ በሁለቱ መካከል ጭቃው ላይ ቆሜ ነበር። ከተከፈተው ኮፈን የረጠበ ጆንያ፣ የገብስ ብናኝና የቤንዚን ሽታ እየተቀላቀለ ይመጣ ነበር። ዛሬም በእህል ተራ በኩል ሳልፍ፣ የጭነት መኪና ሞተሩን እንዳስነሣ ቆሞ እህል ሲጫንበት ካገኘሁ፣ ያ ሽታ ከየት መጣ ሳልለው ይደርስና እዚያው ጭቃ ላይ መልሶ ያቆመኛል።

አባቴ ከመኪናው በፊት የበቅሎ ሰው ነበር። ከደባርቅ ተነሥቶ በሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ድረስ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ፣ የጎብኚ እንግዶችን ድንኳንና ስንቅ በበቅሎ እየጫነ ሲመላለስ ዓመታት ቆይቶ፣ ጉልበቱ ቁልቁለቱን እንቢ ሲለው በቅሎዎቹን ሸጦ ከጎንደር ያችን ያረጀች ነጭ የቤት መኪና ይዞ መጣ። የገዛት ለእናቴ ነበር። እናቴ ዳባት ተዛውራ ታስተምር ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ቆማ ሚኒባስ ትጠብቃለች፣ ማታ መኪና ካጣች እዚያው ከሥራ ባልደረባዋ ዘንድ ታድራለች፣ እንዲህ እያለ ሲመርራት «ዳባት ቤት ልከራይና እሑድ እሑድ እየመጣሁ ልያችሁ» ትል ነበር። ያቺን ቃል እኔ ከጅብ ድምፅ በላይ እፈራት ነበር። መኪናዋ የመጣች ዕለት ግን ቃሉ ከቤታችን ወጣ፤ እኔም እናቴ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተዛውሬ፣ ሦስታችን በአንድ መኪና ወጥተን በአንድ መኪና እንመለስ ጀመር።

የመጀመሪያው መስከረም ደስ ይል ነበር። አስፋልቱ አዲስ ነው፤ ከደባርቅ ስንወጣ የወገራ ሜዳ ግራና ቀኙን በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይዘረጋል፤ አባቴ ከፊቱ ገደል የሌለበት መንገድ በሕይወቱ ያየው ገና ያኔ ይመስል፣ መሪውን ይዞ ለብቻው ፈገግ ይላል። ችግሩ ሁልጊዜ መዘግየታችን ነበር። በቅሎ ሳይደባበስ አይጫንም፤ ጀርባዋ መቁሰሉ፣ ሰኮናዋ ውስጥ ጠጠር መግባቱ በእጅ ይታያል። አባቴ ይህን ልማድ ወደ መኪናዋ አምጥቶት ስለነበር፣ በየጠዋቱ አጥቧት፣ ዞሯት፣ አራቱንም ጎማ በመዳፉ ዳብሶ፣ ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ ካልጨረሰ አይነሣም። እናቴ ሰዓቷን እያየች «አዳነ፣ ደወል!» ትላለች፤ እሱ «መጣሁ መጣሁ» ይላል። የዘገየውን ደግሞ ሜዳው ላይ በፍጥነት ሊያካክሰው ይሞክራል።

ፍጥነቷ ከፍ ሲል መኪናዋ ሌላ ፍጥረት ትሆን ነበር። መጀመሪያ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ ይቆምና የባሰው ነገር ይመጣል፤ መሬቱን የለቀቀች ያህል ቀልላ፣ ውኃ ላይ እንዳለ ቅል ወዲህና ወዲያ ትዋልላለች። ከፊት አውቶቡስ መጥቶ ሲያልፈን በንፋሱ ወደ ዳር ትገፋለች፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ መሐል ትሳባለች። አባቴ ያኔ አይናገርም። እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው ማጅራቱን ነው፤ ማጅራቱ ላይ ያለው ጅማት ሲወጠር፣ እናቴ የበሩን እጀታ ስትጨብጥ አያለሁ።

ኅዳር ገብቶ መኸሩ ሲሰበሰብ፣ ከገደሎቹ በኩል የሚነሣው ደረቅ ንፋስ ሜዳውን እየጠረገ መምጣት ጀመረ። አንድ ቀን ንፋሱ ከጎን መጥቶ እስከ መንገዱ ጠርዝ ሲወስደን እናቴ «ማርያም!» ብላ ጮኸች። አባቴ የዚያን ዕለት ማታ እራቱን ሳይጨርስ ተነሥቶ ከጎተራው አንድ ጆንያ ገብስ አወጣና የኋላው ኮፈን ውስጥ ከተተው። «የጎደላት ጭነት ነው» አለ እጁን እያራገፈ። «ተራራው ላይ አምባራስ መንደር በነበርኩ ጊዜ ባዶዋን የሄደች በቅሎ ናት ስትደነብር ያየሁት። የተጫነች በቅሎ ረግታ ነው የምትሄድ።»

በማግስቱ እውነትም የረጋች መሰለን። ጉድጓድ ስታልፍ እንደ በፊቱ አትዘልም፤ ዝም ብላ እጥፍ ትልና ትነሣለች። አባቴ በመስታወቱ ወደ እኔ እያየ «አየሻት ሰላም?» አለኝ፤ እኔም «አየኋት አባዬ» አልኩ። በሳምንቱ ሁለተኛ ጆንያ ተጨመረ። ሁለተኛው ቦታ ሲያጣ የመለዋወጫ ጎማው ወጥቶ ጣሪያዋ ላይ ካለው የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ከፖርቶ መጋላው ጋር በጠፍር ታሰረ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ በር ሲከፍትልን ወደ ኮፈኑ አጎንብሶ «እትዬ፣ ይሄ ገብስ ዘንድሮም ክፍሉን ደገመ እንዴ?» ይላታል፤ እናቴ ትስቃለች፤ በሩን እንዳለፍን ግን ሳቋ ይቆማል።

እናቴ መጀመሪያ የጠረጠረችው በመኪናዋ መብራት ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ጠዋት ጠዋት ጉም ሲወርድ አባቴ መብራት ያበራል፤ መብራቱ ግን መንገዱን ትቶ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ያበራ ነበር። እናቴ ዓይኗን ወደ ላይ አንጋጣ የሚበራውን ቅጠል እያየች «አዳነ፣ ይቺ መኪና አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንሥታለች» አለችው።

«ኩሩ ናት» አለ።

«መሪውስ?»

«መሪው ምን ሆነ?»

«ታዞረዋለህ፣ ታዞረዋለህ፣ ከዚያ ነው የምትሰማህ። እኔ እኮ እጅህን እያየሁ ነው የምሄድ።»

«አንች መንገዱን እይ፣ እጄን ለእኔ ተይልኝ።»

እንዲህ እየተባባሉ ፋሲካ አለፈ፤ ግንቦትም አለፈ። የሁለቱ ንግግር እያደር እያጠረ ሄደ። «ዳባት ቤት» የሚለው ቃልም መጀመሪያ በቀልድ፣ ቀጥሎ በቁጣ ወደ ቤታችን ተመለሰ። ሰኔ ላይ እናቴ ያለ ቁጣ ተናገረችው። ያለ ቁጣ ስትለው ነው እውነት መሆኑ የገባኝ። «ቤት አይቻለሁ። ከመስከረም ጀምሮ እኔና ሰላም እዚያ ነን።»

ያ እናቴ «ትናንት» ያለችው ቀን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዝናቡ ጋብ ብሎ አስፋልቱ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ደባርቅ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣ መንገዱ ጠምዘዝ ከሚልበት ቦታ ማዶ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ አስፋልቱን ሞልቶት አየን። አባቴ ፍሬኑን ነካ አድርጎ መሪውን አዞረ። መኪናዋ አልሰማችውም። እጆቹ እስከ መጨረሻው ዞረው መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ወደ ሰዎቹ ስትሄድ አየሁ፤ የአንዲት ሴትዮ ቀይ ጥለት፣ የአንድ አህያ ጆሮ፣ አንድ ክፍት አፍ እየቀረበ እየቀረበ መጣ። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ ድንገት መሬቱን ያዙና የኋላዋ እንደ ጅራፍ ተወርውሮ ዞረ። ስትቆም አፍንጫዋ ወደመጣንበት፣ የኋላ እግሮቿ ቦዩ ውስጥ ነበሩ።

እናቴ ወደኋላ ዞራ ፊቴን፣ አንገቴን፣ ክንዴን ስትዳብስ፣ አባቴ በር ከፍቶ ወጥቶ ሰዎቹን አንድ በአንድ ያያል። ማንም አልተነካም። የኋላው ኮፈን ተበርግዶ ከጆንያዎቹ አንዱ ተቀዶ ገብሱ አስፋልቱ ላይ ፈስሶ ነበር። አንዲት ባልቴት የወደቀች ጃንጥላቸውን አንሥተው ጭቃዋን እየጠረጉ መጡና «አንተ ልጅ፣ ገብስ ልትሰጠን ነበር እንዴ እንዲህ የከነፍከው? ቀስ ብለህ ብትሰጠን ምን ነበረበት?» አሉት።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ። እነዚህን እግዜር ባያተርፍልህ ማን ይቅር ይልህ ኖሯል?» አሉና በአገጫቸው ወደ እናቴና ወደ እኔ ጠቆሙ።

እህል ወድቆ አይታለፍምና፣ ሊገደል የነበረው ገበያተኛ ሁሉ ተንበርክኮ ገብሱን ከአስፋልቱ ላይ በእፍኙ ይለቅም ጀመር። መኪናዋን ተጋግዘው ከቦዩ አወጧት፤ የተቀደደውን ጆንያ በገመድ አስረው፣ መርቀው፣ መልሰው እዚያው ኮፈኑ ውስጥ ጫኑልን። እናቴ ይህን ሁሉ ቆማ አየች።

የተናገረችው በማግስቱ ጠዋት ነው፣ ጭቃው ላይ። «መኪና ናት!» ብላ ከጮኸች በኋላ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ስትቀጥል ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ ተማሪ ሰሌዳ ፊት ስታቆም እንደምትጠይቀው ሆነ።

«እሺ፣ በቅሎ ትሁን። አንተ እንዳልከው ትሁን። ጭነቱን ሁሉ ቂጧ ላይ የጫንክባት በቅሎ ልጓሟን ስትስብ ትሰማሃለች?»

አባቴ የተቀደደውን ጆንያ ገመድ ያጠብቅ ጀመር።

«አዳነ፣ እየጠየቅሁህ ነው።»

«ቁልቁለት ሲሆን...» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ቁልቁለት ሲሆን ጭነት ወደ ኋላ ይደረጋል። አንገቷ ላይ እንዳይንሸራተት።»

«ከዚህ ዳባት ድረስ ቁልቁለቱ የቱ ጋ ነው?»

አባቴ እኔን አየኝ፤ ከዚያ መኪናዋን አየ። የኋላዋ ወርዶ አፍንጫዋ ተነሥቶ ቆማለች። ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ በመዳፉ ሲዳብሳት ያላየውን ነገር ያኔ ያየው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እጁን ዘርግቶ የፊት ጎማዋ ላይ አሳረፈውና ረጅም ጊዜ ሳያነሣው ቆየ። «ሜዳ ላይ እንዲህ የጫነ ሰው ቢያዩ የአምባራስ በቅሎ ጫኞች ይስቁበት ነበር» አለ፤ ለማን እንዳለው ግን አላወቅሁም። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ጎተራው መለሳቸው። እኔና እናቴ በሚኒባስ ሄድን።

ክረምት ገባ። ትምህርት ተዘግቶ፣ በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ቆርቆሮውን ቀኑን ሙሉ ሲደበድበው፣ አባቴ ለጥቂት ቀናት መኪናዋን ይዞ ጎንደር ወርዶ ተመለሰ። ንዝረቷን የሚውጠው አሞርዛተር አራቱም ተቀይሯል፤ የፊት ጎማዎቿ አዲስ ናቸው፤ የጎማዎቿ አቋም ተስተካክሏል፤ ፖርቶ መጋላው ከጣሪያዋ ወርዶ የመለዋወጫው ጎማ ወደ ቦታው ገብቷል። ይህን ሁሉ እሱ አልነገረንም፤ መስኮቱ ላይ አፍንጫዬን ደግፌ እኔው አየሁት። እናቴም ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። ዳባት የሚሄደው ፍራሽ ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሮ ግድግዳው ሥር ቆመ፤ ጳጉሜም እዚያው አገኘው። ሦስታችንም በአጠገቡ ስናልፍ እንደማናየው ሆነን እናልፍ ነበር።

ዛሬ በዚያ መንገድ የምሄደው በሰው መኪና ነው። የዛሬዎቹ መኪኖች ውስጣቸው ጸጥ ያለ ነው፤ ሾፌሩ ስልክ እያነጋገረ፣ ተሳፋሪው እያንቀላፋ የወገራን ሜዳ በአንድ ትንፋሽ ያቋርጡታል፤ ሲከንፉም አያስታውቁም። እኔ ግን አልተኛም። የማላውቀውን ሾፌር ማጅራት እያየሁ፣ ፍሬን በሌለበት ቦታ በእግሬ ፍሬን እየረገጥኩ እሄዳለሁ። ያኔ ፍርሃታችን ድምፅ ነበረው፤ አንዳችን ስንጮህ ሌላችን እንሰማ ነበር። አሁን ሁሉም ዝም ብሎ ይፈጥናል።

በዚያ ዓመት አባቴ የተናገረው የጳጉሜ እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እንደተቀመጥን። ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ትርንጎ። ባዶዋን ናት።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው።

«ዳባት ደርሰን እንመለስ። እንደ በፊቱ ፈጠን ብዬ ልንዳና እጄን እይው። ካላመንሽኝ ፍራሹን ራሴ ጭኜ አደርስልሻለሁ።»

እናቴ ወደ ፍራሹ ዞራ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ከችካሉ ላይ አነሣች። እኔ ዘልዬ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ፤ አንዱን አጥልቄ ሌላውን ከአልጋ ሥር ስስብ እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«አንች ቆይ» አለችኝ።

«እማዬ፣ እኔም...»

«መጀመሪያ እጁንና መሪውን እኔ ልይልሽ። ቁጭ በይ።»

አባቴ ይህን ሰማ፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቀድሟት ወጣ። እሷም ነጠላዋን እያጣፋች ተከተለችው፤ ወደ እኔ ሳትዞር በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።