የወንድሜ እንቅልፍና የእህቴ መርዶ

ወንድሜ ከካናዳ የመጣ ጊዜ እህታችን ከሞተች አራት ወር አልፎ ነበር። እሱ አያውቅም። ባዕድ አገር ላለ ሰው ሞት በደብዳቤ አይነገርም። ለእሱ ደብዳቤ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነበርኩ። በሞተች በወሩ "የእግሯን ልክ ላክልኝ፣ ጫማ ልገዛላት ነው" ብሎ ጻፈ። አሮጌ ጫማዋን ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩና ላክሁለት። ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ዛሬም አላውቅም።

የመጣ ዕለት እናቴ ጥቁር ልብሷን አውልቃ ነጭ ለበሰች። የተላጨ ራሷን በሻሽ ሸፈነች። እህታችን አክስታችንን ልታስታምም ጂማ ሄዳለች ተባለ። መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው፣ መንገደኛው በልቶ፣ ተኝቶ ካደረ በኋላ። የመካኒሳ ጎረቤቶቻችን በማግስቱ ሊመጡ ተስማሙ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቃሉ ከእኔ አፍ እንዳይወጣ።

ወንድሜ ግን አልተኛም። በለንደን፣ በሮም፣ በካይሮ እየወረደና እየተሳፈረ ሁለት ቀን ሙሉ ተጉዟል። ዓይኑ ቀልቷል። እንቅልፍ ግን የለም። ሌሊቱን ስለ እሷ ሲጠይቀኝ አደረ።

"አሁንም እየዘፈነች ነው ልብስ የምታጥበው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

የአቦ ደወል ሲደወል እንቅልፍ ጣለው። ጋቢ የለበሱት ጎረቤቶች በራፋችን ላይ ቆመው ነበር። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው መርዶ አይችልም ተባለና ተመለሱ። በሁለተኛው ንጋትም እንደዚያው ሆነ።

"እዚያ እኮ አሁን ገና መንጋቱ ነው። ሰውነቴ አልደረሰም" አለ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ።

"ታዲያ ሰውነትህን በምን አሳፈርከው? በጅቡቲ ባቡር?" አሉት አጎቴ።

ሳቀ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች።

በሦስተኛው ንጋት የእድሩ ዳኛ ትዕግሥታቸው አለቀ። "እስከ መቼ እንመላለስ? እርሻችን ቆሟል እኮ። ቀስቅሱት" አሉ። ትከሻውን ይዤ ነቀነቅሁት። አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ተከፍቷል።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ። እህትህ አርፋለች" አሉት ዳኛው።

"እሺ" አለ።

ሴቶቹ እሪ አሉ። እሱ ሁሉንም በየተራ አያቸውና ተመልሶ ጋደም አለ፤ ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበ። ራሱን ሳተ ብለው ውሃ ረጩበት። አልተነሳም። "ተዉት፣ ሐዘኑ ነው" አሉ ዳኛው። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ተነግሮታል፣ አለቀ አልኩ። ትንሽ ቀለለኝ። ለዚህ ራሴን ይቅር አልልም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። እናቴ ጥቁሩን መልሳ ለብሳለች። ባዶ እግሩን እስከ በሩ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"አንተ፣ ማን ሞተብን?"

ሽማግሌዎቹን በዓይኔ ፈለግሁ። ከድንኳኑ ወዲያ ጫፍ ነበሩ።

"ጠዋት ነገሩህ እኮ፣ ጋሼ።"

"ምን ብለው?"

ነገርኩት። "እግዚአብሔር ያጥናህ" ማለቱን እንኳ ረሳሁ። ስሟን ጠርቼ ሞታለች አልኩ፣ እንዲሁ።

አላለቀሰም።

"እግሯን የሳልክልኝስ?"

"አሮጌ ጫማዋን ነው።"

"መቼ?"

"በሞተች በወሩ።"

የጮኸው ያኔ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

በሳምንቱ እንቅልፉ ተስተካከለ። ማታ ይተኛል፣ ጠዋት ይነሳል። ከእኔ ጋር ብዙ አላወራም። ወደ ካናዳ ሲመለስ ለእሷ ገዝቶ ያመጣውን ጫማ ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ተወው። አሁንም ደብዳቤ እጽፍለታለሁ። "እናታችን ደህና ናት" እለዋለሁ፤ ደህና ናትም። እሱ ግን ለአጎቴ ሌላ ደብዳቤ ይልካል፣ እውነት መሆኑን ለመጠየቅ። አጎቴ ማንበብ ስለማይችሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ።