በሐኪም ያሳበብሁት ጾም

እግዚአብሔርን የምፈራ ሰው ነኝ። እንዲህ ብሎ መጀመር ደስ ይላል፤ ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ከእግዚአብሔር ይልቅ የምፈራው ሰው ሞልቷል። ጎረቤቴን እፈራለሁ። አማቼን፣ የልጄን ባል፣ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጄን እፈራታለሁ።

ወደዚህ አገር፣ ወደ እስራኤል፣ የመጣሁት በሚስቴ ዘር ነው። አያቶቿ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ እኔ ግን ጎንደር ተጠምቄ፣ ማተብ ታስሮልኝ ያደግሁ ክርስቲያን ነኝ። ሚስቴ ወደ አያቶቿ ሃይማኖት ስትመለስ ልጃችንም አብራት ሄደች። እኔም የአይሁዶችን ቆብ፣ ኪጳ፣ ደፍቼ ከኋላ ከኋላ ተከተልሁ። የተከተለው ቆብ የደፋው ራሴ ብቻ ነው፤ ልቤ ከተጠመቀበት አልተነሣም። ይህን የምታውቀው ሚስቴ ብቻ ነበረች። ጠይቃኝም ተቆጥታኝም አታውቅ፤ ሁዳዴ ሲገባ የእኔን ሽሮ ለብቻ በትንሽ ድስት ትጥዳለች። ልጃችን «ምነው አባባ ሥጋ ተዉ?» ካለች፣ «አባትሽ ሽሮ ሲያይ ሌላ አያይም» ብላ ትስቃለች፤ በዚያው ያልቃል።

ሚስቴ ታማ ሞተች። ሕመሟ የጀመረው በምግብ ነው፤ መጀመሪያ ሥጋ ሸተተኝ አለች፣ ከዚያ ወተት፣ በመጨረሻ ሁሉንም። ይህንን እኔም አይቻለሁ፤ ልጄም አይታለች።

ከለቅሶው በኋላ ልጄ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር ከባሏ ጋር ወደምትኖርበት ቤት ወሰደችኝ። አንድ ክፍል ሰጠችኝ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ይህን ሳይ እግዚአብሔር አልረሳኝም አልሁ። ፊት ለፊቴ የጎረቤት ጣሪያና የውሃ ማሞቂያ በርሜል አለ። ጠዋት ጠዋት ስሰግድ የሚያይ ሰው ለበርሜሉ የምሰግድ ይመስለው ነበር። ግን ማንም አያየኝም፤ የመስኮቱን መዝጊያ አስቀድሜ እዘጋለሁ። ጌታ ብርሃን ነው እያልሁ በጨለማ እሰግዳለሁ።

ሁዳዴ ገባ። የመጀመሪያው ዓርብ ማታ የሻባት፣ የአይሁድ ሰንበት፣ ማዕድ ቀረበ፤ ልጄ የዶሮውን ፈረሰኛ አንሥታ ሳህኔ ላይ አኖረችልኝ። እኔም ዝም ብዬ አየሁት፤ እሱም ዝም ብሎ አየኝ።

«አባባ፣ ለምን አይበሉም?»

«ሐኪሙ ከልክሎኛል።»

ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«ምን ከለከለዎት?»

«ሥጋ።»

«ሥጋ ብቻ?»

«ወተትም። እንቁላልም።» ወሬው ሲጣፍጠኝ ጊዜ፣ «ቁርስም አትብላ ብሎኛል» አልሁ።

«ምን ዓይነት ሐኪም ነው!»

ጎበዝ ሐኪም ነው። ከሩሲያ የመጣ፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ ሰው ነው፤ በእኔ አፍ ግን የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ከቄሶቻችን አብልጦ ጠንቅቆ ዐወቀ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀለለኝ። ልጄ ለሥራ ከመውጣቷ በፊት አንዳንድ ጊዜ «ግዴለም፣ ትንሽ ይቅመሱ» ብላ እንቁላል ትቀቅልልኛለች፤ ስትወጣ እኔ ለሕንፃው ድመቶች አወርድላቸዋለሁ። ድመቶቹ በሁዳዴ ወፈሩ፤ እኔ ከሳሁ፤ በክሳቴም ኮራሁ። ጾም በስውር ነው ተብለን ተምረን የለ? ስውር ነው ተባለ እንጂ ውሸት ነው አልተባለም። ይህችን ልዩነት አውቃት ነበር። አውቄ ዘለልኋት።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጄን በረንዳ ላይ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካለው አለቃዋ ጋር ነው፤ ፈቃድ ትለምናለች። በዕብራይስጥ ነው የምታወራው፤ የእኔ ዕብራይስጥ ከሱቅ አያልፍም፤ ይህን ግን ገባኝ። «እናቴም እንዲሁ ነው የጀመራት» አለች። «መጀመሪያ ሥጋ፣ ከዚያ ወተት።» ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ፤ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቅ ነበር።

ያን ጊዜ መውጣት ነበረብኝ። ሁለት እርምጃ ነው። ወደ ክፍሌ ገብቼ ግን መዝጊያውን ዘጋሁና ጸሎት ያዝሁ። ስለ ጉርምስናዬ ኃጢአት ማረኝ አልሁ፤ እሱ እንኳ እግዚአብሔርም የሰለቸው ኃጢአት ነው። በረንዳ ላይ ስላለችው ልጅ አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

በማግሥቱ ክንዴን ይዛ ኩፓት ሖሊም ወደሚባለው ጤና ጣቢያ፣ ወደዚያው ወደ ሐኪሙ ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ልነግራት አፌን በከፈትሁ ቁጥር «አይድከሙ፣ አባባ፣ አይናገሩ» ትለኛለች። እኔም ታዛዥ ሆንሁ። ሲጠቅመኝ እንደኔ ያለ ታዛዥ የለም።

ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ «ምን ያመዋል?» አለ።

ልጄ በዕብራይስጥ ተነሣችበት። «ሥጋና ወተት ስትከለክለው ምርመራ አይታዘዝም? ቁርስ እንኳ ስትከለክለው? እናቴን እንዲሁ ዝም ብለን አይተን ነው የቀበርናት!»

ሐኪሙ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ። «እኔ የከለከልሁት ጨው ነው። እሱንም አልሰማኝም።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ጸሎት ይመጣልኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ የመጣልኝ ሌላ ውሸት ነበር። «ሌላ ሐኪም ነው» ልል ነበር፤ ጥሩ ውሸት ነው፣ ያስኬዳል። ልጄ ግን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች፤ የምትሰማውን ክፉ ወሬ ለመቀበል የተዘጋጀ ሰው ፊት ነው ያላት።

«ማንም አልከለከለኝም» አልኋት በአማርኛ። «ጾም ነው፣ ልጄ። ሁዳዴን ነው የምጾመው።»



«ምን አለ?» አላት ሐኪሙ።

«ሥጋ አይወድም አለ» አለችው።

 ውሸት የማታውቅ ልጅ ናት፤ ለእኔ ብላ ዋሸች። የእኔን ፍርሃት አየሁባት፤ ያውም በአንዴ፣ ሳታጠና።

«ሎ፣ ዶክተር» አልሁ፤ አይደለም ማለት ነው። እንደምንም በዚያች የሱቅ ዕብራይስጤ፣ «እኔ ክርስቲያን። ይህ ጾም» አልሁት።  ሰማዕታት አንበሳ ፊት ቆመው ያሉትን እኔ ደም ግፊት መለኪያ ፊት ተቀምጬ ለማለት እንዲህ ተንቀጠቀጥሁ።

«ውሃ ትጠጣለህ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ከሰዓት በኋላ።»

«ከጠዋት ጀምረህ ጠጣ። ኪኒንህን በሰዓቱ። ጨው ቀንስ።» ከዚያ የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠራ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አቧራ ይነፍስ ነበር። ልጄ ከእኔ ራቅ ብላ ቆመች።

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«ለእኔስ ምነው?»

«ፈራሁሽ።»

«ምን ያደርጉኛል ብለው?» ብላ ዞረች። «ብቆጣስ? ቁጣ ያልፍ የለ! እኔ እኮ የምንቀብርዎትን ቦታ ሳስብ ነው የከረምሁት።»

 ሥጋ አልቀመስሁም ብዬ ስኮራ የልጄን ሥጋ ስበላ ከርሜያለሁ። እግዚአብሔር ብርታት ስጠኝ ስል የምለምነው እስከ ፋሲካ ረኃቡን የምችልበትን ነበር፤ እሱንማ ገበሬ ሳለሁም እችለው ነበር። ከክፍሌ እስከ በረንዳው የምሄድበትን አልለመንሁም። ሳልለምን ደግሞ አልተሰጠኝም።

«ይቅር በይኝ» አልሁ።

«አሁን አይደለም።» አውቶቡሱ ሲመጣ አሻግራ አየችው። «ጾሙ መቼ ነው የሚፈታው?»

«ፋሲካ።»

«የእኛ ፋሲካ ነው የእናንተ?»

«የእኛ፣ የክርስቲያኖቹ።» የእኛ ስል እንግዳ ሆኖ ተሰማኝ፤ ለእሷ ብዬው አላውቅም።

«እሺ። እስከዚያ እኔ እሠራልዎታለሁ። ለባሌ ግን ራስዎ ይነግሩታል፤ እኔ አልዋሽለትም። አሁን ደግሞ እባክዎ አያናግሩኝ።»

ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ በመስኮቱ ታያለች፤ እኔ ለአማቼ የምለውን በልቤ እያዘጋጀሁ፣ ገና ሳልጀምረው ማሳመር ሲያምረኝ እየተውሁት፣ ሽኩና ቫቭ ደረስን። አላናገርኋትም። ስንወርድ ግን ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ክንዴን ያዘችኝ፤ የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ይላል።