እግሩ የቀረ እንጉዳይ

ፍልሰታ በገባ ቁጥር ታናሽ እህቴ ብርቄ ከምትኖርበት ከፀዳ መጥታ ትጠይቀኛለች። ዘንድሮ ከፒያሳ ነጭ እንጉዳይ ገዝታ መጣች፤ በላስቲክ የታሸገ፣ እግሩ ተቆርጦ የተጣለ። ቀጥላ የምታወራውን አውቀዋለሁ።

ልጅ ሆነን፣ ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ፣ ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች አጠገብ ነበር። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲደጋግም መሬቱ የጥድ ሙጫና የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል፤ ከሥሩም ጣት የምታክል ነጭ እንጉዳይ ብቅ ትላለች። አንዷ ትበላለች፣ መሳይዋ ትገድላለች። የሚለዩዋቸው በቅጽሩ ጎን ጎጆ የነበራቸው አሮጊቷ መነኩሲት፣ እማሆይ ብቻ ነበሩ። «ራሱን አትዩ፣ ራሱ ሁሉም ነጭ ነው። እግሩን እዩ» ይሉን ነበር። እግሩ ከረጢት የመሰለ ነገር ውስጥ ከቆመ፣ እሱ ገዳዩ ነው።

ያን ዓመት ሽሮው ቶሎ አልቆብን ጎመን ብቻ ስንበላ ሰነበትን። እኔ ደግሞ ቀሚሴ እንዳይጨቀይ ብዬ ራስ ራሱን ቀንጥሼ ሰፌድ ሙሉ እንጉዳይ ይዤ መጣሁ። እማሆይ አገላብጠው አዩና፣ «ምነው ልጄ፣ እግሩን የት ጣልሽው? እንዲህማ አላውቀውም» አሉ። እናቴ እግሩን ቆፍሬ እንዳመጣ መልሳ ላከችኝ።

ዝናቡ ይወርዳል። ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደቀነጠስኩ ጠፋኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ደከመኝ። ከመንገድ ዳር ሌላ እንጉዳይ ከነእግሩ ነቀልኩና፣ «ይኸው፣ ከዚያው ነው» አልኳቸው። እማሆይ እግሩን ዳሰሱት። «ሸጋ ነው፤ ብሉት» አሉ።

እናቴ የሰፌዱን እንጉዳይ ወጥ ሠርታ አቀረበችው፤ ርቦኝ ነበር። ግን ፈራሁና ሆዴን አሞኛል አልኩ። እናቴ በላች። ብርቄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የራሷን ጨርሳ፣ «ያንቺንም ልብላው?» አለችኝ። እውነቱን ብናገር እንደምገረፍ አውቃለሁ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁላት። ጣቷን እየላሰች ስትጨርሰው ቁጭ ብዬ አየሁ። ነጋ፤ እግዜር ይመስገን፣ ማንም ምንም አልሆነ።

ብርቄ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ለልጆቿ፣ «ድርሻዋን ለእኔ ሰጥታ ጦሟን ያደረች እህት ናት!» ትላቸዋለች። ልጆቹ ተነስተው ጉልበቴን ይስማሉ። በየዓመቱ እነግራታለሁ እላለሁ፤ በየዓመቱ ይደክመኛል። ዛሬ እንጉዳይ ከሱቅ ነው፤ እግሩን የሚጠይቅ የለም። ዘንድሮም ቀቅዬ አቀረብኩና፣ እሷ እጇን ሳትሰድ ፈጥኜ ጎረስኩ። ያኔ እሷን አስቀደምኩ፤ ዛሬ እኔ ልቅመሰው ብዬ ነው።

«ምነው እቴ፣ በእርጅናሽ እንዲህ ሆዳም ሆንሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።