የኤዶ ሆዳን ልጅ በኛ በር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ድምፅ ማጉያ የተሸከመች ባጃጅ በሰፈራችን አለፈች። መጀመሪያ በሶማሊኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ትለፍፋለች፦ ነገ ጠዋት የከተማው አመራር ከነዋሪው ጋር ስለ ጸጥታ፣ ስለ ውሃና ስለ መብራት ይወያያል፣ ሁሉም ይገኝ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ "ውሃው ቀድሞ ቢመጣ ምናለ፣ ውይይቱ ይደርሳል" ብላ ሳቀች። እኔ እርጥቡን አንሶላ እንደጨበጥኩ ቆሜ ቀረሁ። ጅጅጋ ተወልጄ አድጌ፣ አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ዛሬም የማይክሮፎን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በራችን መቆለፉን አያለሁ።

ፈሪ መሆኔን ቤተሰቤ በሙሉ ያውቃል። በር ሲንኳኳ ባለቤቴ ቀድሞ የሚያየው ፊቴን ነው። "ደግሞ ዛሬ ማን መጣብን?" እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ። እሱ ያን ቀን እኛ ቤት አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ከለውጡ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ጂላል ነው። ሶማሌዎች ደረቁን ወራት ጂላል ይሉታል። ነፋሱ ከካራማራ በኩል እየወረደ አቧራውን በየቤቱ ያስገባል፣ ቧንቧው ጉሮሮውን ከመጥረግ በቀር የሚተፋው ነገር የለም፣ የአህያ ጋሪ ውሃ ይዞ ሲያልፍ ሰው ሁሉ እንደ ሙሽራ ያጅበዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሰፈሩ በሙሉ በሶማሊኛ "ማዓሊን" ብሎ ይጠራዋል፣ አስተማሪ ማለት ነው። ከዚያ ጂላል በፊት በነበረው ክረምት ከተማዋ በሁከት ስትታመስ እኛም በራችንን ቆልፈን፣ መብራት አጥፍተን፣ እየተንሾካሾክን ሰንብተናል። ከዚያ ወዲህ አባቴ በሩ ሥር አንድ ጥቁር ሻንጣ አኖረ። ውስጡ ሸሚዞች፣ የትምህርት ማስረጃዎቹና በላስቲክ የተጠቀለለ ቴምር አለ። ማንም እንዳይነካው ብሏል። እኛም አንነካውም፣ ግን በወጣን በገባን ቁጥር እናየዋለን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሶማሊኛን ከአማርኛ እኩል ስለምናገር ከልጅነቴ ጀምሮ የሰፈሩ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ስተረጉም ደግሞ "እንዲህ አለች" ማለት አልወድም። የሚናገረውን ሰው ቃል በራሱ አፍ እንዳለ አድርጌ አቀርበዋለሁ። እዚህ አገር ያደግን አስተርጓሚዎች አብዛኞቻችን እንደዚህ ነን። አንድ ጊዜ ጎረቤታችንን ክሊኒክ ወስጄ "ጎኔን ይወጋኛል፣ እንቅልፍ የለኝም" ብዬ ስተረጉም፣ ከመሃል አገር በቅርብ የመጣው ሐኪም እኔን አልጋው ላይ እንድወጣ አዘዘኝ። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ለብዙ ቀን ተሳቀብኝ።

ያኔም እንዲህ ያለ ውይይት ተጠርቶ ነበር፣ በዕለቱ የቀበሌው ሰዎች መጥተው ለመኑኝ። ከፌዴራል የመጡ እንግዶች ስላሉ ሶማሊኛውን በአማርኛ፣ አማርኛውን በሶማሊኛ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። እናቴ "ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ በሰው ቃል ትጠየቂያለሽ" አለች። አባቴ ሻንጣውን አየት አደረገ። ሄድኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ማይክሮፎኑ በጄኔሬተር ነው የሚሠራው፣ ከመስኮቱ ሥር ያጓራል። መድረኩ ላይ የተደረደረውን የታሸገ ውሃ ሕዝቡ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል። አንድ አናጺ ተነስቶ "እዚሁ ተወልጄ መታወቂያ ላሳድስ ስሄድ አገርህ ወዴት ነው ይሉኛል፣ አገሬ ወዴት ነው ልበል?" አለ። እሱንም በሶማሊኛ "አገሬ ወዴት ነው ልበል?" አልኩ፣ ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌዎች አጉረመረሙ። ስለ መብራት የተጠየቀው "በጥናት ላይ ነው" ተባለ። እስከዚህ ድረስ ሥራው ቀላል ነበር።

ከዚያ ኤዶ ሆዳን ተነሳች። ኤዶ ማለት አክስት ነው፣ የግመል ወተት የምትሸጠውን ይህችን ሴት ገበያው ሁሉ እንዲህ ይጠራታል። አማርኛ አታውቅም። ከአዳራሹ ጫፍ፣ ከሴቶቹ መሃል ሆና፣ ማይክሮፎን አልቀበልም ብላ በራሷ ጉሮሮ ተናገረች። ልጇ አብዲ ጄሪካን ይዞ ቦኖ ላይ ተሰልፎ ሳለ በወረፋ ጠብ ተነሳ። ፖሊስ ደርሶ ያገኘውን ሁሉ ጭኖ ሄደ። ሌሎቹ ዋስ አግኝተው ወጡ፣ አብዲ ቀረ። እሷ በየቀኑ ጣቢያው በር ላይ ትቆማለች፣ ነገ ነይ ይሏታል።

ከፊት ቆሜ ቃሏን በአማርኛ መመለስ ጀመርኩ። መሃል ላይ ስደርስ የጎኑ በር ተከፈተና አንድ የፖሊስ ኢንስፔክተር ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ነው፣ ሶማሊኛ ገና አልለመደም። ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። ኤዶ ሆዳን ደግሞ እያመረረች ሄደች፣ እኔም እየተከተልኩ።

"አብዲ ፋራህ ሌባ አይደለም። ውሃ ሊቀዳ ነው ከቤት የወጣው። ጄሪካኑ ባዶውን ተመልሶልናል፣ እሱ አልተመለሰልንም። ፖሊሶቹ የኛ ናቸው ካላችሁ መልሱልን። የኛ ካልሆኑ የማን እንደሆኑ ንገሩን።"

የመጨረሻዋን ማለስለስ እችል ነበር። አፌ ግን ልማዱን አልለቀቀም፣ እንዳለችው ወጣ። ስብሰባውን የሚመሩት አዛውንት ኃላፊ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረው "ይህ ጉዳይ ዛሬውኑ ይለቅ" አሉ። ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ከእኔ ላይ ግን ዓይኑን አላነሳም።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

"ቤታችሁ የት ነው?"

"ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር" አልኩት።

"ከሰዓት እንመጣለን። አባትሽ እንዳይወጡ" ብሎኝ ሄደ። ለምን እንደሚመጣ ለመጠየቅ ድፍረቱ ከየት ይምጣ? የተናገርኩት የሰው ቃል ነው ማለት እንኳ ትዝ ያለኝ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው።

ቤት ገብቼ ስነግራቸው እናቴ ምንም አልወቀሰችኝም። ያ ባሰብኝ። ሩዝና የፍየል ሥጋ ሠርታ ነበር፣ ቀዝቅዞ ሞራው ነጭ እስኪሆን ማንም እጁን አልሰደደበትም። አባቴ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አንስቶ እግሩ አጠገብ አደረገው። እሱን ይዘውት ቢሄዱ ለማን እንደሚደወል፣ እናቴ ወደ ማን ቤት እንደምትሄድ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው በዝግታ ነገረን። እኔ ለመኪና ድምፅ ጆሮዬን ሰጥቼ አንዱንም አልሰማሁም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ተነስቼ እቆማለሁ። ፍርሃት እንዲህ ሰው እንደሚያስነጥስ ያን ቀን አወቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ አነጠስኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፒክአፑ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። አባቴ ከፈተ። ኢንስፔክተሩ ከፊት ወረደ፣ ከኋላ ሁለት ፖሊሶች ከመሃላቸው አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ አወረዱ። ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተቀድዷል፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። አይተነው አናውቅም። እሱም እኛን እንደማያውቅ ከዓይኑ ያስታውቃል። ኋላ እንደነገረን፣ ወደ ሩቅ እስር ቤት የሚወስዱት መስሎት በመንገድ ሙሉ ሲጸልይ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ወደ አባቴ ተጠጋ።

"አቶ ፋራህ እርስዎ ነዎት?"

ያኔ ገባኝ። ዘግይቶ ገብቶ እኔን ብቻ ሰምቷል። ባለጉዳይዋ እኔ መስዬዋለሁ፣ ይህ አብዲ ወንድሜ፣ አባቴ አቶ ፋራህ። እናቴ እንደ ሁልጊዜዋ የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱትን ሰፊ ድሪያ ለብሳ ሻሽ አስራለች፣ አዲስ መጪ እሷን ከሶማሌ እናቶች በምን ይለያል? ወደ አባቴ ዘወር አልኩ። "አይደለሁም" ካለ ልጁ ተመልሶ ይጫናል። "ነኝ" ካለ ደግሞ ለፖሊስ በሰው ስም መናገሩ ነው። ሻንጣ አሽጎ ወራት የኖረ ሰው "ነኝ" ይላል ብዬ አልጠበቅሁም። "አብዲ፣ ወንድሜ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔ ነበር።

አባቴ አየኝ። ልጁን አየ።

"ነኝ" አለ።

"ልጅዎን ይረከቡ። ከእንግዲህ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው። ቢጠፋ የምፈልገው እርስዎን ነው።"

"አይጠፋም። ልጄ ነው።"

ኢንስፔክተሩ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ጉዱ ፈላ አልኩ በልቤ። "አማርኛዎ ግን ግሩም ነው" አለ።

"መምህር ነኝ" አለ አባቴ። ያቺ ብቻ እውነት ነበረች።

ልጁ እስከዚያ ድረስ ቆሞ ሁላችንንም በየተራ ሲያይ ነበር። ድንገት አልፎኝ ሄዶ እናቴ ፊት ጎንበስ አለና "ሆዮ" አለ። እናቴ ራሱን በእጇ ያዘችው። ሆዮ እናት ማለት መሆኑን ኢንስፔክተሩም ሳይሰማ አልቀረም፣ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ፒክአፑ ታጥፎ ከዓይን ሲጠፋ አባቴ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ሮጥኩ። ኤዶ ሆዳንን የት እንደማገኛት አውቃለሁ፣ ጣቢያው በር ላይ ነበረች፣ ባዶ የወተት ዕቃዋን ታቅፋ። ልጇ በመኪና መወሰዱን ነግረዋታል፣ ወዴት እንደሆነ የነገራት የለም። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ኤዶ፣ አብዲ እኛ ቤት ነው" አልኳት በሶማሊኛ።

"ሀና፣ በዚህ አይቀለድም" አለች።

ክንዷን ይዤ ስስባት መንገዱን ሙሉ ልቀቂኝ ትለኛለች። ስንደርስ አብዲ የቀዘቀዘውን ሩዝ እየጎረሰ ነበር፣ ሰውነቱ ላይ የአባቴ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ እጅጌው አጥሮበታል። ሻንጣው መሬት ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ኤዶ ሆዳን አላለቀሰችም። አጠገቡ ተቀምጣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች። ከዚያ አባቴን ቀና ብላ አየችውና "ማዓሊን፣ ለምን?" አለችው። አባቴ "ሌላ መልስ ጠፋኝ" አላት፣ ሒሳብ እንደተሳሳተ ተማሪ እያፈረ።

ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ አላለቀም። ማግስቱን ሻንጣው ተዘግቶ በሩ ሥር ተመልሷል፣ አንድ ሸሚዝ ብቻ ጎድሎት። ኢንስፔክተሩ ሌላ ከተማ ተመድቦ እስኪሄድ ድረስ አባቴ በመንገድ ባገኘው ቁጥር "አቶ ፋራህ፣ እንደምን ዋሉ?" ይባላል፣ ባርኔጣውን ያነሳል፣ ቤት ሲገባ ግን ውሃ ይጠይቃል። ወራት ሙሉ በር ሲንኳኳ አራታችንም እንተያይ ነበር። አራተኛው አብዲ ነው፣ "ቢጠፋ የምፈልገው እርስዎን ነው" መባሉን ሰምቶ፣ በየምሽቱ አባቴ እንዲያየው ብቻ ብሎ ይመጣል። አባቴ ካረፈ በኋላም መምጣቱን አልተወም። አሁን ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ዕቃ ያመላልሳል፣ እናቴን ዛሬም ሆዮ ይላታል።

ባጃጇ ካለፈች በኋላ ከቀበሌ ደወሉልኝ፣ ነገ እንድተረጉም። ደዋዩ ወጣት ነው። "እባክሽ 'እኔ' አትበይ፣ 'ትላለች' እያልሽ አቅርቢ፣ እንዳይምታታ" አለኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የቆየው ነገር ተመለሰብኝ። ኤዶ ሆዳን ያን ሁሉ ቀን በር ላይ ስትቆም ያልተከፈተው በር፣ ባለጉዳይዋ እኔ የሆንኩ ሲመስላቸው በአንድ ከሰዓት ተከፈተ። "ትላለች" ብዬ ቢሆን ኖሮስ? ከፒክአፑ ድምፅ ይልቅ ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ነገ እሄዳለሁ። እፈራለሁ፣ ማነጠሴም አይቀርም። ከኋላ አንዲት ሴት ተነስታ ልጄን ካለች፣ እኔም ልጄን እላለሁ።