ቡሎን ያሰረችበት ነጠላ

አብነት አካባቢ እትዬ እንዳለችን የማታውቅ እናት የለችም ማለት ይቻላል። የምትተዳደረው አራስ በማራስ ነው። ወላድ ያለችበት ቤት ገብታ ገንፎ ታገነፋለች፣ አጥሚት ታሞቃለች፣ የአራሷን ሆድ በነጠላ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። ሕፃኑ እንቅልፉ ላይ እየበረገገ ሲያለቅስ ደግሞ እጁን ከደረቱ ጋር ሰብስባ ትጠቀልለዋለች፤ ዝም ይላል። የስንቱን ልጅ ስትጠቀልል የኖረች ሴት የራሷን አልታደለችም። ሐሜተኛ ጎረቤት ይህን ሲያነሣባት "የሰው ልጅ መች አነሰኝ!" ብላ ትስቃለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን አትስቅም።

ቤት የሚጠብቃት ቡሎ ነው። ቡሎ ውሻ ነው፤ ባሏ ቶኩማ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ኮቱ ውስጥ ደብቆ ያመጣው፣ ስሙንም ከቡላ መልኩ ያወጣለት። ቶኩማ ከሞተ ወዲህ እሷና ቡሎ ብቻ ቀሩ። ስለ ውሻ እንዲህ ሲወራ ፊቱን የሚያዞር ሰው አይጠፋም፤ ያዙር። እንዳለች ያለ ቡሎ የዚያን ቤት በር ከፍታ መግባት አትችልም ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ታዲያ ከአጥሩ ማዶ ሕንፃ ሊሠራ ነው ተባለና መሬቱ መቆፈር ጀመረ። ስካቫተሩ፣ ቆፋሪው ማሽን፣ አለቱን ሲፈረክስ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ቡሎ አልጋ ሥር ገብቶ ይርገፈገፋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ከዚያ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ያላዝናል። በሰፈሩ ሰው ዘንድ ደግሞ የውሻ ማላዘን ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሞት ታይቶታል። ጭንቁ፣ ግድግዳ በሚጋሩት ቤት ጋሽ ወልደ ሚካኤል ታመው ተኝተዋል።

ልጃቸው ፀዳለ ሜክሲኮ አንድ ካፌ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ፈቃድ ወስዳ አባቷን ታስታምማለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አባቷን አብዝታ የምትወድ ሰው ናት እንጂ። አንድ ጠዋት እንዳለችን በሯ ላይ ያዘቻት።

"እትዬ እንዳለች፣ ውሻሽ አባቴ ላይ ሞት እየጠራ ነው። ሁለተኛ ቢያላዝን፣ እውነቴን ነው፣ ሥጋ ውስጥ መርዝ አድርጌ እጥልለታለሁ።"

"ፀዳልዬ፣ ማሽኑን ፈርቶ እኮ ነው!"

"እኔ ማሽን አልሰማም። የምሰማው እሱን ነው።"

እንዳለች ያላደረገችው ነገር የለም። ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወተፈች፤ አራግፎ ጣለው። ሬዲዮኗን እስከ መጨረሻው ከፈተች፤ ጎረቤት ተቆጣ። ጠበል ልትረጨው እጇን አንሥታ "ውሻ ላይ?" ብላ ራሷ ደነገጠችና ጠርሙሱን መልሳ አስቀመጠች። በመጨረሻ ሲጨንቃት መሬት ተቀምጣ ደረቱን ያዘችው። ልቡ እጇ ላይ ይደልቃል። ይህን ምት ታውቀዋለች፤ እንቅልፉ ላይ የበረገገ ሕፃን ልብ ነው። ተነሣችና አሮጌ ነጠላዋን በቁመቱ ቀደደችው።

መጀመሪያ በጣም አጠበቀችበትና ቡሎ እንደ ግንድ ደርቆ ቆመ። ፈታችው። ደግማ በደረቱ አዙራ፣ ትከሻው ላይ አጠላልፋ፣ በሆዱ ሥር አሳልፋ ጎኑ ላይ ቋጠረችለት፤ ጣቷ የሚያልፍ ያህል ላላ አድርጋ። ስካቫተሩ ያጓራል። ቡሎ ጆሮውን አቆመ፣ አያት፣ ረጅም ትንፋሽ አወጣና እግሯ ላይ ተኛ። እንዳለች አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ሥራ ስትሄድ ታስረዋለች፣ ማታ ስትመለስ ትፈታዋለች። ቡሎም ለመደው፤ ነጠላውን ከሚስማሩ ላይ ስታወርድ ራሱ መጥቶ ደረቱን ይሰጣታል። ግቢው ጸጥ አለ።

ፀዳለ ጸጥታውን በራሷ መንገድ ተረጎመችው። ውሻው ዝም ካለ ሞት ርቋል ማለት ነው። አባቷም ትንሽ ሾርባ ቀመሱላት። "ተመስገን፣ አለፈለት!" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እንዳለች ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ልትል ነበር፤ የውሻው ዝምታ የጨርቁ ሥራ እንጂ የአባትሽ መዳን አይደለም ልትል። መርዙ ትዝ አላትና ዋጠችው።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዐረፉ። አጠገባቸው የነበሩት ባለቤታቸው እማማ ጠጅቱ ብቻ ናቸው፤ ጆሯቸው አይሰማምና ባላቸው የተኙ መስሏቸው ዝንብ እሽ ሲሉላቸው ዋሉ። ፀዳለ ከሥራ ስትመለስ የአባቷ እጅ ቀዝቅዟል።

በሠልስቱ ዕለት ፀዳለ ከድንኳኑ ተነሥታ ወደ እንዳለች ቤት መጣች። ቡሎ ከቤት ስለማይወጣ ታስሮ አይታው አታውቅም። በሩ ላይ ቆማ አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እንዳይፈራ ነው ... ሲታሰር ይረጋጋል።"

ፀዳለ ጎንበስ ብላ ነጠላውን በጣቷ ነካችው።

"አንቺ ነሽ ዝም ያሰኘሽው። ሊነግረኝ ነበር እኮ! ዝም ስላለ ነው ትቼው የሄድኩት። አባቴ ብቻውን ሞተ፣ እትዬ እንዳለች፣ ብቻውን!"

"የፈራው ማሽኑን ነው" የሚለው ቃል እንዳለች አፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እሷም እዚያው ሰፈር፣ በዚያው ወሬ ያደገች ሰው ናት። እውነት ቢሆንስ? እውነት ሞት ታይቶት፣ እኔ አፍኜው ቢሆንስ?

"ፍቺው" አለች ፀዳለ።

ፈታችው። ፀዳለ ወደ ድንኳኑ ተመልሳ ፍትፍት የሞላ ሳህን ይዛ መጣችና ቡሎ ፊት አስቀመጠችለት። እንዳለች መርዙ ትዝ ብሏት ሳህኑን ልትደፋው ስትወረወር ፀዳለ እጇን ያዘቻት።

"አትፍሪ። ከእንግዲህ እንዲሞት የማልፈልገው እኔው ነኝ። እናቴ አለችኝ። እሷ እንኳ እሱ ሳይነግረኝ አትሄድብኝም። ሁለተኛ ጨርቅ ገላው ላይ ካየሁ ውሻውን ወስጄ እናቴ አልጋ ሥር ነው የማኖረው።"

ቡሎ ሳህኑን ልሶ ጨረሰ። እንዳለች ስትለምን የከረመችው የቡሎ ሕይወት ተሰጣት፤ ተሰጥቷትም ደስታ አጣች።

በማግስቱ ጠዋት ስካቫተሩ ተነሣ። ቡሎ እየተርገፈገፈ ሚስማሩ ሥር ሄዶ ደረቱን ሰጥቶ ቆመ። ነጠላው አልወረደለትም። ቀና ብሎ አያት። እንዳለች አልቻለችም፤ በርከክ ብላ በሁለት ክንዶቿ ደረቱንና ሆዱን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው። የተከለከለችው ጨርቅ እንጂ ክንድ አይደለም። የቡሎ ልብ ቀስ በቀስ ረገበ።

ከግድግዳው ወዲያ የፀዳለ ድምፅ መጣ፤ እንቅልፍ ያጣ ድምፅ።

"እትዬ እንዳለች! አሰርሽው እንዴ?"

"ኧረ አላሰርኩትም፣ ፀዳልዬ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አለ?"

እንዳለች ዓይኗን ጨፍና ክንዶቿን ፈታች። ቡሎ አንገቱን ሰቅሎ አላዘነ። ከግድግዳው ወዲያ ባዶ እግር ወደ እማማ ጠጅቱ አልጋ ሲሮጥ ተሰማ።