በገዛ እጄ የጻፍኩት ምስጋና

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ፣ በሸዋ ሮቢት የቀበሌ ሱቅ ሻጭ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ዛሬ ሸምግዬ እንኳ ስለ ደንበኛ አያያዝ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ያኔ ደንበኛ እንዴት እንደሚያዝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጉሮሮውን ነበር የምይዘው።

አሁን "ደንበኛ ንጉሥ ነው" ይላሉ። በእኔ ጊዜ ንጉሡ ወርዷል፤ ደንበኛም አብሮ ወርዷል። ስኳርና ሳሙና ሌላ ቦታ ስለማይገኝ ሰው በጠዋት ይሰለፋል፤ እኔ ከፍርግርጉ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ስፈልግ እከፍታለሁ፣ ስፈልግ እዘጋለሁ። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ የሚሆን ሰው "ጋሼ" እያለ ሲለማመጠኝ ትንሽ እንኳ አላፍርም ነበር።

አንድ ጊዜ ለደብረ ሲና ብርድ የሚሆን የሱፍ ኮፍያ በካርቶን በካርቶን ተላከልን። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሱፍ የሚደፋ ጤነኛ ስለሌለ ኮፍያው ተቆልሎ ቀረ። እኔና የቀበሌው ሊቀመንበር መከርንና ዘዴ ዘየድን፤ ስኳር የፈለገ ኮፍያ አብሮ ይገዛል፣ ኮፍያ ያልወሰደ ስኳር የለውም። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ ግን ወሰደ።

እትዬ መሬማ ብቻ እምቢ አሉ። ገበያ ላይ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ የሚሸጡ፣ ምላሳቸው የማይቻል ሴት ነበሩ። ወሩ ረመዳን ስለነበር ስኳሩን ለማፍጠሪያ ይፈልጉታል። ኮፍያውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩትና በመስኮቱ መልሰው ወረወሩልኝ። እኔም ስኳሩን ከለከልኳቸው። ያኔ የአቤቱታ መዝገቡን አምጣ አሉኝ።

መዝገቡን ከአውራጃ የሚመጣ ተቆጣጣሪ በየጊዜው ያየዋል። ሦስት አቤቱታ የተጻፈበት ሻጭ ከሥራ ይሰናበታል። ከሥራ መሰናበት ደግሞ ደሞዝ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ለውትድርና ወጣት ሲፈለግ ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የሚሰፍረው ሥራ የሌለው ነው። ከሰፈራችን ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። እንደ ነፍሴ የምሳሳው ለዚያች መስኮት ነበር።

እትዬ መሬማ ዓይኔ ፊደል አይለይም ብለው መሠረተ ትምህርቱን ትተውታል። መጻፍ የማይችል ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ የሱቃችን ደንብ ሻጩ ይጻፍለት ይላል። ተከሳሹም እኔ፣ ክሱን የምጽፈውም እኔ።

"ይህ ልጅ ባለጌ ነው፤ ጾመኛ ፀሐይ ላይ ያቆማል፤ ስኳር በሱፍ ያስገዛል ብለህ ጻፍ" አሉኝ።

እሺ ብዬ ጻፍኩ፦ "ሻጩ ትሑት ነው። በመስተንግዶው ረክቻለሁ። የሱፍ ኮፍያውም በጣም ተስማምቶኛል።" አንብብልኝ ሲሉኝ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ፣ እሳቸው ያሉትን ቃል በቃል ደገምኩላቸው። ደስ ብሏቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር። ስድቡን ባከረሩ ቁጥር እኔ ምስጋናዬን አሳምራለሁ። ሌባ ሲሉኝ ታማኝ፣ ስድ ሲሉኝ ጨዋ እያልኩ ገጹን ሞላሁት። ከሥራ ስወጣ ለጓደኞቼ እያወራሁ በሳቅ እንፈርሳለን። የእትዬ መሬማ ረመዳን ግን ያለ ስኳር አለቀ።

ብዙም ሳይቆይ ተቆጣጣሪው መጣ። መዝገቡን አገላበጠና በአውራጃው እንዲህ የተመሰገነ ሻጭ የለም አለ። በቀበሌው አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ አርአያ ሻጭ ተብዬ የምስክር ወረቀት እንድቀበል ተወሰነ። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ መድረክ ላይ ወጣሁ። ሰውየው ግን ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት የእትዬ መሬማን ምስጋና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ጀመር። ኮፍያው ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ከዚያ፣ እኚህ እናት ተነሥተው ያረጋግጡልን አለ።

እትዬ መሬማ ከሴቶቹ መሃል ቀስ ብለው ተነሡ። መዝገቡን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ሁሉም ነገር እንደገባቸው ከዓይናቸው አወቅሁ። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ከመድረኩ በቀጥታ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ነበር የምሄደው።

"አዎ፣ አሻራው የኔ ነው" አሉ። "ግን ጓድ፣ ልጁ ስለ ራሱ መጻፍ አፍሮ የተወው ነገር አለ፤ ይጨመርልኝ። ከነገ ጀምሮ ስኳር ያለ ኮፍያ እሰጣለሁ ብሎኛል። ደካማና አሮጊትም ፀሐይ ላይ አይቆምም፣ በየቤታቸው አደርሳለሁ ብሎኛል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አላየሁም።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሊቀመንበሩም ሳይወድ በግዱ አጨበጨበ። ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞሮ እውነት ነው ወይ ሲለኝ እውነት ነው አልኩ። ምን ልበል?

በማግሥቱ አርአያው ሻጭ ስኳር ተሸክሜ በዚያ ሐሩር ከደጅ ደጅ መዞር ጀመርኩ። ጓደኞቼ አሁንም ይስቃሉ፤ በእኔ ነው እንጂ። እትዬ መሬማ ቤት ስደርስ ለምን ዝም እንዳሉልኝ ጠየቅኳቸው። ስኳሩን ተቀብለው አስቀመጡ።

"ልጄን ሁሴኔን ለውትድርና ከወሰዱት ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያለበትን አላውቅም" አሉኝ። "አንተ ባለጌ ነህ። ግን ባለጌም እናት አለው።"

ጎንበስ ብዬ ወጣሁ።

ደርግ ወደቀ፣ ሁሴን ግን አልመጣም። እኔ እዚሁ አግብቼ ወልጃለሁ፤ እናቴም እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አረፈች። እትዬ መሬማ ሲሞቱ ጀናዛቸውን በሁሴን ፋንታ የተሸከምነው ጎረቤቶቻቸው ነን። ያን ቀን ከሐዘኔ ኀፍረቴ በለጠ፤ እስከ ዛሬም አልቀለለኝም።