መኪና እስከ በርዎ ይገባል

ይህ የሆነው እዚሁ ሞላሌ፣ እኛ ሰፈር ኮብልስቶን በተነጠፈበት ዓመት ነው። መንገዱ አልቆ ዛሬ ባጃጅ ሽር ይልበታል። እኔ ግን ሻይ ቤቴን ልከፍት በጠዋት ስወጣ፣ አንድ በር ጋ ስደርስ እግሬ ይከብደኛል። ለሰው ብነግረው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ በስብሰባ ተጀመረ። ማዘጋጃ ቤቱ ድንጋዩን የሚያነጥፈው ነዋሪው አጥሩን በራሱ ፈቃድ ወደ ውስጥ ካስገባ ብቻ እንደሆነ ተነገረን። ካልሆነ ድንጋዩ ለላይኛው ሰፈር ይሄዳል። ለላይኛው ሰፈር መብራትም ውሃም ሁልጊዜ ከእኛ ቀድሞ ነው የሚገባው፤ አሁን ደግሞ መንገዱን ሊወስዱብን ነው ብለን እልህ ያዘን። እዚያው የመንገድ ኮሚቴ ተመረጠ። ሰብሳቢው የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ሆኑ። ቀጥሎ የብዙዎቻችን የንስሐ አባት ቄስ ሙሉ ገቡ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ሴት ይግባበት ተባለና፣ እጄን እንኳ ሳላወጣ፣ "የሺ ምላስ አላት፣ እሷ ትሁን" ብለው አስገቡኝ።

ማን ማን እንደገባ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ሰፈር መርዶ የሚያረዱትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለእድሩ ይደርሳል። ቤተሰቡ ሌሊቱን ይተኛ ተብሎ ይደበቃል። ጎህ ሲቀድ የእድሩ ዳኛና ቄሱ ሄደው በሩን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት ሁለቱን በራፉ ላይ ያየ ሰው ምን ሆናችሁ ብሎ አይጠይቅም።

ኮሚቴ ሆነን ስንሮጥ ይህ ነገር አንዳችንም ትዝ አላለንም።

ሁሉም አጥሩን አስገባ። የቀሩት እማማ ጥሩነሽ ብቻ ነበሩ። እማማ ጥሩነሽ ሱፍ እየፈተሉ ገበያ የሚያወጡ፣ ባላቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ደረጀ ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በጣርማ በር ባለፈ ቁጥር ይደውልላቸዋል። "እማዬ፣ ብርዳችሁ እዚህ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ" ይላቸዋል። እሳቸውም ይህንኑ በየቤቱ እየዞሩ ያወሩታል፤ ሰምተነዋል ብንላቸውም ደግመው ያወሩታል።

የግቢያቸውን የድንጋይ ካብ የካበው ደረጀ ነው። ለፋሲካ በመጣ ጊዜ፣ ያረፈበትን ቀን ሁሉ ሸሚዙን አውልቆ ድንጋይ ሲደረድር አይቼዋለሁ። እማማ ጥሩነሽ ስብሰባ ላይ ብድግ ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የልጄን ካብ ማንም አይነካውም!" አሉ። እውነት ለመናገር ተናድጄባቸው ነበር።

ልናግባባቸው ቀን ስንሄድ አይገኙም። ወይ ገበያ ናቸው ወይ ቤተ ክርስቲያን። ጋሽ ታደሰ፣ "በጠዋት፣ ከቤት ሳይወጡ እንያዛቸው" አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው አልን።

ጠዋቱ ውርጭ ነበር። ጋሽ ታደሰ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ቄስ ሙሉ መስቀላቸውን ይዘዋል። እኔም ከብርዱ የተነሳ ነጠላዬን እስከ አፌ ጠቅልዬዋለሁ። እማማ ጥሩነሽ እንዝርታቸውን እንደያዙ ከፈቱልን። ጋሽ ታደሰን አዩ፣ ቄሱን አዩ። እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ።

"ደረጀ!" አሉ።

ከዚያ ያወጡት ጩኸት ሰፈሩን ሁሉ ከአልጋው አወረደው።

"ኧረ ስለ ካቡ ነው! ስለ መንገዱ ነው የመጣነው!" ይላሉ ጋሽ ታደሰ። ማን ሰምቷቸው? እማማ ጥሩነሽ መሬት ላይ ወድቀው ፊታቸውን ይነጫሉ። ጎረቤቱ ምን ተፈጠረ ብሎ ሳይጠይቅ እያለቀሰ ገባ። አንዷማ "ወይኔ ደረጀ፣ ወይኔ ሎጋው!" ብላ ሙሾ አውጥታ ነበር። ቄስ ሙሉ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው "ኧረ በእግዚአብሔር ስሙኝ፣ ሰው አልሞተም!" ሲሉ፣ መስቀሉን ያየ ሁሉ የባሰውን አለቀሰ።

እኔ ስልኬን አውጥቼ ደረጀ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ እምቢ አለኝ። ደግሜ ደጋግሜ ስሞክር በመጨረሻ አነሳው፤ ከእንቅልፉ መቀስቀሱ ነበር። ስልኩን እማማ ጥሩነሽ ጆሮ ላይ ለጠፍኩት።

"እማዬ? ምን ሆንሽ እማዬ?"

ድምፁን ሲሰሙ ጸጥ አሉ። "አለሁ በለኝ" አሉት። "አለሁ" አላቸው። "አንዴ ድገምልኝ" አሉት። "ኧረ አለሁ እማዬ!" ሲል እያለቀሱ መሳቅ ጀመሩ። ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ሙሾ ያወጣችዋ ሴትዮም አብራ እልል አለች።

ጋሽ ታደሰ የሰው ልብ ማለስለስ ያውቁበታል። እማማ ጥሩነሽን ደግፈው አስነሷቸውና፣ "እትዬ ጥሩነሽ፣ እኛ ክፉ ልንነግርዎ አልመጣንም። ይቺ ካብ ትንሽ ገባ ብትል መኪና እስከ በርዎ ይገባል። ደረጀ ሲመጣ ዕቃውን ከዋናው መንገድ በትከሻው ተሸክሞ በጭቃ አይዳክርም። መኪናው እዚህ፣ እደጅዎ ላይ ይቆማል" አሏቸው።

"ውሰዱት!" አሉ እማማ ጥሩነሽ። "ካቡንም ውሰዱ፣ ቤቱንም አፍርሱ። ልጄ ይኑርልኝ እንጂ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል!"

በማግስቱ ካቡ ተነሳ። ሰፈሩም መሳቂያ አገኘ። "የካብ መርዶ" ተብሎ ስም ወጣለት። እማማ ጥሩነሽ ራሳቸው ሻይ ቤቴ ገብተው ጋሽ ታደሰን ካዩ "ይኸው ገዳዬ መጡ!" እያሉ ሰውን በሳቅ ይፈጁት ነበር። ከልብ ነው የምንስቀው፤ እኔም ያኔ አልከፋኝም።

ኮብልስቶኑ ተነጠፈ። የውሃ ማፍሰሻው ቦይ ግን እሳቸው በር ላይ ሲደርስ ሳያልቅ ቀረ። ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ ግቢያቸው ይገባ ጀመር። ጋሽ ታደሰን ባገኙ ቁጥር፣ "ካቤን ወስዳችሁ ጎርፍ ሰጣችሁኝ" ይሏቸዋል። "አንድ ቀን ጠዋት መጥተን እናየዋለን" ይላሉ ጋሽ ታደሰ። "ኋላ እንደዚያኛው ቀን እንዳታስደነግጡኝ!" ይሏቸዋል እሳቸው፤ ይሳሳቃሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ታደሰ ሻይ ቤቴ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። "የሺ፣ ሰው ሲወጣልሽ ዝጊው" አሉኝ። የደረጀ መኪና አፋር ላይ ተገልብጧል። አስከሬኑ ነገ ይደርሳል።

ልቆልፍ ስል እማማ ጥሩነሽ በዚያ ሲያልፉ አገኙኝ። "ምነው የሺ፣ ዛሬ ቶሎ ዘጋሽ?" አሉኝ። "ራሴን አሞኝ ነው" አልኳቸው። "እግዜር ይማርሽ፣ ነገ በጠዋት መጥቼ አይሻለሁ" ብለውኝ ሄዱ።

በጠዋት የሄድነው እኛ ነን። የቀረው ሰው ጩኸት ሲሰማ እንዲመጣ የመንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ቄስ ሙሉ አንኳኩ።

እማማ ጥሩነሽ ከፈቱ። ሦስታችንንም አዩን። ከዚያ ሳቁ።

"እሰይ! በመጨረሻ ቦዩ ትዝ አላችሁ?" አሉ። "ግቡ እንጂ፣ ምን ብርድ ላይ ያቆማችኋል? ይኸው፣ በዚህ በዚህ ነው የሚገባብኝ" እያሉ ጎርፉ የቦረቦረውን ያሳዩን ጀመር።

ጋሽ ታደሰ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። እማማ ጥሩነሽ ይህን አይተው ጣታቸውን ቀሰሩብን።

"ኧኸ! ዛሬስ አልሸወድም! ያኔ አሞኛችሁኛል፣ ዛሬ ግን አልደነግጥም።" ከመቀነታቸው ስር ስልካቸውን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። "ያኔም የደወልሽው አንቺ ነሽ። በይ ደውይለትና አለሁ ይበላችሁ።"

ምላስ አላት ተብዬ የተመረጥኩት እኔ ስልኩን ሳልደውል በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። እማማ ጥሩነሽ እጄን አዩ፣ ቀጥለው ፊቴን አዩ። ሳቃቸው ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የጠፋው። እስከ ዛሬ ከዓይኔ የማይወጣው እሱ ነው።

"የሺዬ፣ ደውይለት እንጂ" አሉኝ፤ አሁን እየለመኑ ነበር።

የነገሯቸው ቄስ ሙሉ ናቸው። እማማ ጥሩነሽ አልጮኹም። እዚያው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉና፣ "እንደዚያኛው ነው? እንደዚያኛው ቀን ነው በሉኝ" እያሉ ሦስታችንንም ለመኑን። ጥጉ ላይ የቆመው ሰው ጩኸቱን ጠብቆ ሲያጣ ግራ ገባው። ኋላ አንድ ሁለት እያለ ራሱ መጣ፤ ልቅሶውም ያን ጊዜ ተጀመረ።

ቀትር ላይ አስከሬኑን የያዘው መኪና ደረሰ። ዋናው መንገድ ላይ ይቆምና ሰው ተሸክሞ ያስገባዋል ብዬ ነበር፤ ድሮ እንደዚያ ነበራ። መኪናው ግን ታጠፈ። በአዲሱ ኮብልስቶን ላይ ቀስ እያለ መጣ፤ ካቡ የነበረበትን ቦታ አልፎ እማማ ጥሩነሽ በር ላይ ቆመ። ጋሽ ታደሰ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ዘመዳቸው ነበር እንዴ ብሎ የጠየቀ እንግዳም ነበር። ምን እንዳስለቀሳቸው ያወቅነው እኔና ቄስ ሙሉ ነን።

ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን አንድ ልማድ አወጣ። በጠዋት የሰው በር የሚያንኳኳ ሁሉ ከሩቅ "ለደህና ነው! ለደህና ነው!" እያለ ይጣራል። ሳሙና ለመዋስ የሚሄድም እንደዚያው። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ይስቅብናል። ይሳቅ።

ቦዩን ሰፈሩ ተረባርቦ ጨረሰው። መንገዱም ጥሩ መንገድ ነው፣ የሻይ ቤቴም ደንበኛ በዝቷል። ሆኖም አንዳንዴ ምነው ድንጋዩ ለላይኛው ሰፈር ሄዶ በቀረ እላለሁ። ደረጀን መንገዳችን እንዳልገደለው አውቃለሁ። ሆዴ ግን እሺ አይለኝም።

በጠዋት ለእማማ ጥሩነሽ ዳቦ ይዤላቸው እሄዳለሁ። በሩ ጋ ስደርስ እንደ ልማዳችን "ለደህና ነው እማማ!" ብዬ እጣራለሁ።

"ዝም ብለሽ ግቢ የኔ ልጅ" ይሉኛል ከውስጥ። "ከእንግዲህ እኔን ምን ያስደነግጠኛል?"